ዘጠኝ ኪሎሜትር

አባቴን ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው ብዬ የጠረጠርኩት በመኪናችን ኪሎሜትር ቆጣሪ የተነሳ ነው። ዓመቱ የኮሮና ዓመት፣ ወሩ ሰኔ፣ ቤታችን ሙስካት፣ አል ሀይል፤ እኔ ደግሞ አሥር ዓመቴ። ያለ ማስረጃ ነው የጠረጠርሽው እንዳትሉኝ። በደብተር የሰፈረ፣ ቀን የተጻፈበት፣ የተፈረመበት ማስረጃ ነበረኝ። ፈራሚዋም እኔው ነበርኩ።

አባቴ ይማም የአውሮፕላን መለኪያዎች ቴክኒሽያን ነው። አብራሪው ፊት የሚደረደሩትን መለኪያዎች ፈትቶ የሚገጥም፣ የዋሸውን ከእውነተኛው የሚለይ ሰው። ኤርፖርቱ ሲዘጋ እሱም እቤት ዋለ። እቤት የዋለ ወንድ መቼም የሚነካካው አያጣም፤ በመጀመሪያው ወር የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈታ፣ በሁለተኛው የልብስ ማጠቢያውን ፈታ፣ እናቴ «ከዚህ በኋላ እኔን ነው የምትፈታው» ስትለው ወደ መኪናው ወረደ።

መኪናችን አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ነበረች። የፍጥነት መለኪያዋ ታሞ ነበር። ስትነሳ መርፌዋ ደህና ናት፤ ጥቂት እንደተሄደ ትንቀጠቀጥና ዜሮ ላይ ዘፍ ትላለች። መቶ እየበረርን መርፌዋ ቆማችኋል ትለናለች። ሙስካት ደግሞ መንገዱ ሁሉ የፍጥነት ካሜራ ነው። አባቴ ዳሽቦርዱን ሁለት ጊዜ ፈታው፣ መርፌዋን አወጣ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ እንደ አውሮፕላኖቹ ደብተር አስከፈተላት፤ ጸሐፊ አድርጎም እኔን ሾመኝ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊትና በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቼ የቆጣሪውን ቁጥር እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው። ብሳሳትም አላጠፋም፤ በስህተቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አሰምርና ትክክለኛውን ጽፌ እፈርምበታለሁ።

«ቁጥሩ ለምንድነው?» አልኩት።

«አልነግርሽም። የሚያነብ ሰው መልሱን ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው።»

ይህን ምክር የሰጠው ለማን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ!

እናቴ መዲና ነርስ ናት። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረችና አስም ስላለባት ክሊኒኩ እቤት አስቀምጧታል። ሎሚውን በሳሙና ታጥባለች፣ የዳቦውን ላስቲክ ትጠርጋለች፣ ጫማ የሚባል ነገር ከደጃፍ አያልፍም። ማታ ማታ ስታስል እኔና አባቴ አንገታችንን ቀና አድርገን እናዳምጣለን፣ ሳሏ ሲቆም ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከጎኑ አስቀምጦኝ ለሙከራ ይወጣል። ወደ ባሕሩ የሚወስድ ጭር ያለ መንገድ አለ። ፍጥነት የሚለካ ነገር የጫነበትን ስልኩን መሪው አጠገብ ይሰቅላል፤ እኔ የስልኩን እጮሃለሁ፣ እሱ የመርፌዋን።

«አርባ ሁለት!»

«አርባ!»

«ስልሳ አንድ!»

«ስልሳ! ጎበዝ ነሲ!»

አንድ ቀን በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። ፍጥነታችን ጠፋና በቦታው «ሂዳያ» የሚል ስም መጣ። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ፣ ስልኩን ነቅሎ ወረደ፣ በሩንም ዘጋብኝ። ውጭው አርባ አምስት ዲግሪ ነው። ኤሲ የሚነፍስበትን መኪና ትቶ እሳት ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ምን ቢያወራ ነው? መስኮቱን የጣት ያህል ዝቅ አደረግኩ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» ይላል አባቴ። «ሃያ ሦስት?» አዳመጠ። «ወንድም፣ አጎት፣ ማንም የላትም?» ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «አብሽሪ ሂዳያ፣ እኔ አለሁላት። ከአስር ሶላት በኋላ እደርሳለሁ። ነጩን ጨርቅ እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ሳየው «ላብ ገብቶብኝ ነው» አለኝ። እቤት እንደደረስን ለእናቴ «ለመኪናዋ ዕቃ ወጠያ ሰፈር ደርሼ ልምጣ» አላት።

ሁለተኛ ሚስት ለኔ የተረት ነገር አልነበረም። አከራያችን ባባ ዓሊዪ ሁለት ነበሯቸው፤ አንዷ ከኛ ጀርባ ባለው ቪላ፣ ሌላዋ ከመስጂዱ ማዶ። መኪናቸው የት እንደቆመ አይቶ የዕለቱ ባለተራ ማን እንደሆነች የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ትልቋ ሚስታቸው አንድ ቀን በአጥር በኩል ለእናቴ ስታወጋ «ሲጀምረው ዕቃ ልገዛ ነው እያለ ነበር የሚወጣው» ስትል ሰምቻለሁ። አረብኛዬ ግማሽ ነበር፤ ይቺ ግን ሙሉ በሙሉ ገባችኝ።

በዚያን ቀን አባቴ ሊወጣ ሲል ደብተሬን ይዤ ሮጥኩና ቁጥሩን ጻፍኩ፦ 184306። የኋላውን ዕቃ ማስቀመጫ ሲከፍት አጮልቄ አየሁ። የታጠፈ አዲስ ነጭ ጨርቅ፣ አንዲት ጠርሙስ ሽቶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ደስ የሚል ሽታ ያለው ነገር። እናቴ ካረገዘች ወዲህ ሽቶ ሲሸታት ትንፋሿ ስለሚያጥራት እኛ ቤት ሽቶ አይገባም። ታዲያ ይሄ የማን ነው?

መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለሰ። በግቢው ጀርባ ባለው ቧንቧ ልብሱን እንዳለ ባልዲ ውስጥ ጨመረው፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ታጠበ፣ ሌላ ልብስ ቀየረ። የሴትየዋን ሽቶ ከላዩ አስለቀቀ ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። ሲገባ የእናቴን ግንባር አልሳመም። «የመኝታ ቤቱ ኤሲ ያመኛል» ብሎ ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ። እኔ ግን ሹልክ ብዬ ወደ መኪናው ሄድኩና ቁጥሩን አነበብኩ፦ 184315።

ዘጠኝ ኪሎሜትር።

ወጠያ ደርሶ መልስ ስልሳ ኪሎሜትር ነው፤ ይህንን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። በዘጠኝ እንኳን ወጠያ፣ ኤርፖርቱ ጋ ደርሶ መመለስም አይቻልም። አባቴ ዋሽቷል። ያለ ደብተሩ ይህን ማንም አያውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከማዘኔ በፊት መኩራቴን አስታውሳለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሂዳያ ደወለች፣ እንደገና ወጠያ ሄደ፣ እንደገና ዘጠኝ። ከዚያ ስምንት። ከዚያ ዘጠኝ። የትምህርት ቤት ኮምፓሴን አወጣሁና ካርታ ላይ ቤታችንን መሃል አድርጌ የአራት ተኩል ኪሎሜትር ክብ ሠራሁ። ክቡ ውስጥ ሦስት መስጂድ፣ የባሕር ዳርቻ፣ ለቁጥር የሚያታክት ቪላ ገባ። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት አባቴ የወሰደላትን ነጭ ጨርቅ ለብሳ ትጠብቀዋለች ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ከግምቴ ሁሉ ልክ የነበርኩት በጨርቁ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ በመስኮቱ ክፍተት «ሠላሳ አንድ? የልጆች እናት ናት?» ሲል ሰማሁት። ክው አልኩ። አንዷ ሳትበቃ! ከነልጆቿ! አሁንስ ከባባ ዓሊዪም ባሰ።

እናቴን አየኋት። ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ለሚወለደው ልጅ ካልሲ ትሠራለች። «አባትሽ በዚያች መኪና ሊያብድ ነው» ብላ ትስቃለች። መሳቋ አናደደኝ፣ አሳዘነኝም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ሳሏ ሲጀምራት ዘጋሁት። እሷን ማስጨነቅ ካልቻልኩ ያለችኝ ሌላዋ ሴት ናት።

ማክሰኞ ዕለት አባቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሂዳያ። ይዤው ወደ ግቢ ወጣሁና አነሳሁት።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ይማም፣ ዛሬም—»

«አባቴ አይደለም። ልጁ ነኝ።»

«ማሻ አላህ፣ ነስሪን ነሽ? እናቴ፣ ለአባትሽ ሂዳያ ደወለች በይው፤ ቶሎ በይው፣ ያላ።»

ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ ለዚያውም የኛ አገር ሰው ድምፅ። ከኋላዋ የአረብኛ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ አንድ ሕፃን ስሟን ይጣራል።

«አባቴን ተይው» አልኳት። «እናቴ እርጉዝ ናት። አስም አለባት። አንቺ ስትደውዪ ይሄዳል፣ ከዚያ ሳሎን ነው የሚተኛው። ለምን አትተይንም?»

የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን አየሁ።

«እናትሽ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?»

«አዎ» አልኩ። ውሸት አልቀለለኝም፤ ግን አልኩት።

«እውነቷን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወላሂ እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ያላሰብኩት። እሺ እናቴ፣ ኻላስ። አልደውልም።»

ሂዳያ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ያን ቀን የነገርኳት ነገር በሷ ጆሮ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ስለ ሚስት ነበር የማወራው፤ እሷ የሰማችው ስለ በሽታ ነው። አስም ያለባት እርጉዝ ቤት እያለች ባሏን ወደዚያ ቦታ አትጥሩብኝ የሚል መልእክት ቅር የሚያሰኘው ሰው የለም።

ስልኩ ላይ የጥሪውን ምልክት አጠፋሁ። በዚያን ቀን አባቴ ልብሱን ለብሶ ስልኩን እያየ ተቀመጠ፣ ከአስር ሶላት በኋላም የትም አልሄደም። ደብተሬን ከፍቼ «ማክሰኞ፣ 0» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ አበባ ሳልኩ። ማታ በደንብ ተኛሁ። ረቡዕም፣ ሐሙስም ዜሮ። ቤታችንን ያዳንኩት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ አባቴ ደብተሩን ጠየቀኝና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። እናቴ ከጎኑ ባሚያ ትቆርጣለች። አባቴ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እየነዳ ወረደ፤ ሱቅ የተሄደበትን፣ ወደ ባሕሩ የተሄደበትን አለፈና ቆመ።

«ዘጠኝ?» አለ። «ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ…» ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «መርፌዋ አይደለችም! እኔ ጅል፣ ያለ ጥፋቷ ነው የፈታኋት! መርፌዋም ቆጣሪውም ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ካምቢዮው ላይ ያለችው ሴንሰር ሶኬቷ ላልቷል፤ ሲሞቅ ይለቃል። ሲለቅ ሁለቱም ይራባሉ። አራት ኪሎሜትር ትቆጥርና ታንቀላፋለች፤ እዚያ ቆማ ስትበርድ ደግሞ ተመልሳ አራት ትቆጥራለች! ነሲ፣ አንቺ ነሽ ያገኘሽው!»

ይህን ያህል ዓይን አውጣ ውሸት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ዘጠኝ የሆነው ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ነው!»

የእናቴ ቢላ ቆመ። «የማን ቤት?»

ዘረገፍኩት። ሂዳያን፣ የሃያ ሦስት ዓመቷን፣ የልጆቹን እናት፣ ነጩን ጨርቅ፣ ሽቶውን፣ የግቢውን ቧንቧ፣ የሳሎኑን ፍራሽ። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ የማክሰኞዋን ስልክ። አባቴ አላቋረጠኝም። እናቴ እሱን እንጂ እኔን አላየችም።

«ይማም» አለች በተረጋጋ ድምፅ። «ቆጣሪው ካልቆጠረ እውነተኛው ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሁለት።»

«ወጠያ ስልሳ ነው።»

«አዎ።»

«ሰማንያ ሁለት የት ነው?»

አባቴ ጠረጴዛውን አየ። «አሚራት» አለ።

እኔ አሚራት የተራራ ስም መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። እናቴ ግን ከተራራው ሥር ምን እንዳለ ታውቃለች፤ የክሊኒኳ ሰዎች ሬሳ ወዴት እንደሚሸኝ ይነግሯት ነበር። ነጩ ጨርቅ ከፈን ነበር፤ ወረቀት ውስጥ የነበረው ሬሳ የሚታጠብበት ካፉር ነበር፤ ሽቶውም የአስከሬን። ሂዳያ ሰው ሲሞት ትደውልለታለች፣ ለሴት አጣቢዎቹ የሚያደርሰው እሱ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመቷም፣ የልጆቹ እናትም በሱ ትከሻ ነው የወረዱት።

«ሁለተኛ ሚስት ብታገባ ይሻለኝ ነበር» አለች እናቴ። ቢላውን አስቀመጠች። «እኔ ሎሚ በሳሙና አጥባለሁ፣ አንተ ኮሮና የገደለውን ተሸክመህ ትመጣለህ?»

«ቅሬ ነው መዲና» አለ አባቴ። «ኮምቦልቻ ቢሆን ቅሬው ለቀብር ሲጠራ እቤቴ እቀመጥ ነበር? ለጎረቤት የቀረ ለሱም ይቀሩበታል። እነዚህ ልጆች ሰው ቤት ሲለፉ ኖረው ሲሞቱ ዘመድ ሩቅ ነው፣ አውሮፕላን የለም። ለአንድ ቀብር አራት ሰው ይፈቀዳል። አራት አጥተን ሁለት ሆነን የሰገድንባት አለች።»

«እኔስ? እዚህ ሆዴ ውስጥ ያለውስ? ለኛስ ማን ይስገድልን?»

እናቴ የአስም መንፈሻዋን ከኪሷ አውጥታ ሁለቴ ሳበች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁላችንም ጠበቅን።

«የቀበርካቸው ስንት ናቸው?» አለች።

«ስድስት።»

«ከማክሰኞ ወዲህ ምነው ቀረህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልተደወለልኝም። ሰው አልሞተብንም።»

ያን ጊዜ የማክሰኞዋ ስልክ ትዝ አለችኝ። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። እናቴ ስልኩን ገፋ አደረገችለት። «ደውልላት። እኔም ልስማ።»

ሂዳያ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። አባቴ ምነው ጠፋሽ አላት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስልኬ ካርድ አልቆበት ነው ጋሼ» አለች። «ፍሉስ ማፊ፣ ገንዘብ አልነበረኝም። የቤቱ ማማ ዛሬ ነው የሰጠችኝ። ይቅርታ ያርጉልኝ።»

«አብሽሪ። ሰው አለ?»

«ማክሰኞ አንዲት ነበረች። ሱፊያ፣ የሐይቅ ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመቷ።»

«ማን ቆመላት?»

«ማንም። ሌሎቹ ወንድሞች ራሳቸው ታመው ተኝተዋል። የመቃብሩ ሠራተኞች ናቸው ያስገቧት።» ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ነስሪን ደህና ናት? ሰላም በሉልኝ።»

አባቴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እናቴ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ሂዳያ፣ መዲና ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲኖር በኔ ስልክ ደውዪ። በሱ አይደለም፣ በኔ። ቁጥሬን ያዢ።»

በዚያው ቀን የአባቴ ፍራሽ ጣሪያ ላይ ወዳለችው ክፍል ወጣ። ምግቡን ደረጃው ላይ አስቀምጬለት እወርዳለሁ፤ እናቴ እስክትወልድ የቤቱን ደፍ እንዳይረግጥ ተነገረው። በማግሥቱ መኪናዋ ሥር ገብቶ ሶኬቱን በሃያ ደቂቃ አጠበቀው፤ መርፌዋም ዳግመኛ አልወደቀችም። ከዚያ ወዲህ የሂዳያ ስልክ ሲመጣ እናቴ ታነሳለች፣ ስም ትጠይቃለች፣ ደብተሬን ተቀብላ ከቁጥሩ ጎን ስሙን ትጽፋለች፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ «ይማም!» ትላለች። ወንድሜን በወለደች ጊዜ አባቴ ያየው ከመስኮት ውጭ ቆሞ ነው።

ሂዳያ ስለዚያ ስልክ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን መናገሬ ነው።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ሰሞን አወጣሁትና ዘጠኞቹንና ስምንቶቹን ሁሉ አባቴ እንዳስተማረኝ አንድ አንድ መስመር አሰመርኩባቸው፣ ከጎናቸው ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሁለት እያልኩ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ማክሰኞዋ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አበባዋ አሁንም አለች። ሱፊያ የሚለውን ስም ከጎኗ ጻፍኩ። ዜሮዋን ልሰርዛት ፈልጌ ነበር፤ ምን ጽፌ እንደምተካት ግን አጣሁ። ያን ቀን አባቴ አልሄደም። ቆጣሪው ልክ ነበር።